ቤት ሲበረበር፦ ከሌባ ሻይ እስከ ፍርድ ቤት ትእዛዝ

  

የዛሬው ንግግራችን ስለ ቤት ነው። ስለ ቤት አሠራር ግን አይደለም። ስለ ቤት መበርበር ነው። ፖሊስ ወደ ሰው ቤት ገብቶ ዕቃ የሚፈልገው መቼ ነው? የፍርድ ቤት ወረቀት ሳይዝ ሊገባ የሚችለውስ መቼ ነው? ይህ ነገር በአገራችን ከየት ተነሥቶ የት ደረሰ? እሱን እናያለን። ረዘም ያለ ነገር ስለሆነ በአንድ ቀን ማንበብ የማይችል ሰው በሁለትና በሦስት ቀን ከፋፍሎ ያንብበው።

አስቀድሜ ሁለት ቃላት ላስጨብጣችሁ። አንደኛው «ብርበራ» ነው። ቤት ገብቶ፣ ሣጥን ከፍቶ፣ አልጋ ገልብጦ ዕቃ መፈለግ ብርበራ ይባላል። ሁለተኛው «ትእዛዝ» ነው። እዚህ ላይ ትእዛዝ ስል፣ ፍርድ ቤት «የእገሌን ቤት በርብሩ» ብሎ በጽሑፍ የሚሰጠው ወረቀት ማለቴ ነው። እነዚህን ሁለት ቃላት በደብተራችሁ ላይ ጻፏቸው። ብዙ ጊዜ ይመጣሉ።

ነገሩን ከራሴ ቤት ልጀምር። ያደግሁት ከወንዛዬ ፍል ውኃ ብዙም በማይርቅ መንደር ነው። ወንዛዬን የደብረ ታቦርና የአካባቢው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በጉማራ ወንዝ አጠገብ ያለ፣ ቁርጥማት የያዘውም፣ ቆዳው የቆሰለውም እየመጣ የሚታጠብበት ፍል ውኃ ነው። የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ አንድ ሌሊት፣ ገና ዶሮ ሳይጮኽ፣ በራችን ተደበደበ። አባቴ ለለቅሶ ሌላ አገር ሄዶ ነበር። እናቴ ኩራዝ አብርታ ከፈተች። ሦስት ሰዎች ገቡ፤ ሁለቱ መሣሪያ ይዘዋል። የተሰረቀ የልብስ ስፌት መኪና እንደሚፈልጉ ተናገሩ። ጎታውን ጎረጎሩ፤ ሣጥኑን አራገፉ፤ እኛ ልጆቹ የተኛንበትን ቁርበት ሳይቀር አንሥተው አዩ። የስፌት መኪና የሚባል ነገር አልነበረም። ሲወጡ ግን አባቴ በሬ ሸጦ የገዛውን ራዲዮ ይዘው ወጡ። «ይጣራል» አሉ። ከመውጣታቸው በፊት አንድ ወረቀት ጽፈው እናቴን በቀለም አውራ ጣቷን አስነክረው አስፈረሟት።

አባቴ ሲመለስ ራዲዮውን ሊጠይቅ ሄደ። ጸሐፊው ወረቀቱን አውጥቶ አነበበለት። ወረቀቱ «ብርበራ ተደርጎ ምንም ንብረት አልተገኘም፣ ምንም ንብረት አልተወሰደም» ይላል። ከሥሩ የእናቴ አውራ ጣት አለ። ራዲዮው አልተመለሰም። የትኛው ጣቢያ እንደነበረ፣ ሰዎቹ እነማን እንደነበሩ አልናገርም፤ ነገሬ ከእነሱ ጋር አይደለም። እኔን ዕድሜ ልኬን የቆረቆረኝ ያ አውራ ጣት ነው። እናቴ «የወሰዱትን ራዲዮ ጽፈውት መስሎኝ ነው እኮ፣ ልጄ» ትለኝ ነበር።

እንግዲህ ወደ ታሪኩ እንግባ።

ዱሮ ፖሊስ የሚባል አልነበረም። ፖሊስ ባይኖርም ሌባ ነበር። ታዲያ ዕቃ የተሰረቀበት ሰው ምን ያደርግ ነበር? አንደኛው መንገድ ሌባ ሻይ ነው። «ሻይ» ማለት የሚጠጣው ሻይ አይደለም፤ ሌባ ፈላጊ፣ ሌባ አዳኝ ማለት ነው። ሌባ ሻዩ በሹመት የተሰየመ ሰው ነበር። አንድ ልጅ ያመጣል። ለልጁ መድኃኒት ያጠጣዋል፤ ጢስ ያጤሰዋል። ልጁ ራሱን ይስታል። ከዚያ ወገቡ ላይ ገመድ ታስሮ ይለቀቃል። ልጁ እየወደቀ እየተነሣ በመንደሩ ውስጥ ይሄዳል፤ ከአንዱ ቤት ይገባል፤ ይወጣል፤ ወደ ሌላው ይገባል። በመጨረሻ በገባበት ቤት ከወደቀና ከተኛ፣ የዚያ ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባላል። ክፈል ይባላል።

እስቲ አስቡት! ማስረጃ የለም፤ ምስክር የለም። የሰከረ ልጅ እግሩ ወደ መራው ቤት መግባት ብቻ ነው። አንድ ምስኪን ከእርሻው ሲመለስ ልጁ በአልጋው ላይ ተጋድሞ ያገኘዋል፤ ያን ጊዜ አለቀለት። ጉልበት ያለው ጌታ ቤት ላይ ልጁ የሚወድቅ ይመስላችኋል? እኔ አይመስለኝም። ገመዱን የያዘው ሰው ማንን እንደሚፈራና ማንን እንደማይፈራ ያውቃል። ይህ ልማድ ከ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወዲህ መንግሥት እየከለከለው እየቀረ መጣ። ሽማግሌዎች ዛሬም ስሙን ያስታውሳሉ።

ሁለተኛው መንገድ አውጫጭኝ ነው። በሌላ አገር አፈርሳታ ይሉታል። በደል የደረሰበት ሰው ሲያመለክት፣ የአጥቢያው ሕዝብ በሙሉ በአንድ ሜዳ ወይም ከዛፍ ሥር ይሰበሰባል። የቀረ ሰው ይቀጣል። ሕዝቡ እየማለ ያወቀውን ይናገራል። በግልጽ መናገር የፈራ ሰው በምስጢር የሚናገርበት መንገድም ነበር፤ ይህን ምስጢር ነጋሪ «ወፍ» ይሉታል። አጥፊው እስኪወጣ ድረስ ሕዝቡ ከሥራው ይታገዳል፤ ቀናት ይወስዳል። በአዝመራ ጊዜ ሲሆን ከባድ ነው። ቢሆንም ከሌባ ሻይ ይሻላል እላለሁ። የሰው ጓዳ ውስጥ ዘሎ ከመግባት ይልቅ ሰው እንዲናገር ያደርጋል። ጉዳቱ ደግሞ አለ፤ ጠላት ያለው ሰው በወፍ ይበላል።

ከሌባ ይልቅ የገበሬውን ቤት የደፈረው ግን ሌላ ነው። ወታደር ነው። በዚያ ዘመን ወታደር ደመወዝ አልነበረውም። ሠራዊት ሲንቀሳቀስ በገበሬው ቤት ያድራል፤ እህሉን ይበላል፤ በጉን ያርዳል። በጌምድር ደግሞ የነገሥታትና የመሳፍንት መናኸሪያ ስለነበረ ይህን መከራ ደጋግሞ አይቶታል። ደብረ ታቦር የየጁ ራሶች ከተማ ነበረች። በኋላም ዐፄ ቴዎድሮስ ተቀመጡባት፤ ከጎኗ ባለችው ጋፋት መድፍ አሠሩባት። ቴዎድሮስ በመጀመሪያው ዘመናቸው ወታደሩ ደመወዝ እየተከፈለው ገበሬውን እንዳይዘርፍ ለማድረግ አስበው ነበር። ነገር ግን አገሩ ሲሸፍትባቸው ሐሳቡ ፈረሰ። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲሄዱ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሄዱ። በኋላ ዐፄ ምኒልክ አሥራት የሚባል ግብር አወጡ። ይህም ገበሬው ከአሥር እጅ አንዱን ለመንግሥት ሰጥቶ ወታደር በቤቱ እየገባ ከመቀለብ እንዲድን የታሰበ ነበር። በወረቀት መልካም ነበር። በሥራ ላይ ግን በየቦታው እንደታሰበው አልሆነም።

ይህን ሁሉ የማወራችሁ ያለ ነገር አይደለም። ቤት በሕግ የተከበረ ነው የሚለው ሐሳብ ከወረቀት የመጣ ባዕድ ነገር እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው። ገበሬው በራሱ ሕይወት ያውቀዋል። «ቤቴ ተደፈረ» ሲል ኖሯል። የጎደለው የሚያስከብርለት ነበር።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት ወጣ። ያወጡት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። በዚያ ሕገ መንግሥት ውስጥ ሕግ ከፈቀደው ምክንያት በቀር የሰው ቤት አይበረበርም የሚል ቃል ገባ። ደብዳቤም እንዲሁ ሕግ ካልፈቀደ አይከፈትም ተባለ። አሁን ልብ በሉ! «ሕግ ከፈቀደው በቀር» ይላል። ታዲያ የሚፈቅደው ሕግ የትኛው ነው? ያን ጊዜ ዝርዝሩ አልተጻፈም ነበር። በር ሠርቶ መቀርቀሪያውን እንደ መርሳት ነው።

ጠላት ከወጣ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የፖሊስ አዋጅ ወጣ፤ ፖሊስ በመላ አገሪቱ በሕግ ተቋቋመ። በ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ተሻሻለ፤ ሰውም መኖሪያ ቤቱም ከሕግ ውጭ ከሆነ ብርበራና ዕቃ መያዝ የተጠበቀ ነው የሚል ቃል ገባበት። መቀርቀሪያው የተሠራው ግን ጥቅምት 23 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቀን የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ወጣ። «ሥነ ሥርዓት» ማለት የአሠራር መንገድ ማለት ነው። ምን ወንጀል ነው የሚለውን ሌላው ሕግ ይናገራል። ይህ ደግሞ ፖሊስ እንዴት ይይዛል፣ እንዴት ይመረምራል፣ ዳኛ እንዴት ይሰማል የሚለውን ይናገራል። ይህ ሕግ ከስድሳ ዓመት በላይ የአገራችን ፍርድ ቤቶች ሲሠሩበት ኖረዋል። ንጉሥ ሄዶ ደርግ ሲመጣ፣ ደርግ ሄዶ ሌላ ሲመጣ እሱ ነበረ።

እንግዲህ በዚህ ሕግ አንቀጽ 32 እና 33 ላይ ጥቂት እንቆይ። የዛሬው ነገራችን ልቡ እዚህ ነው።

መነሻው ይህ ነው። ፖሊስ የሰው ቤት የሚበረብረው የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዞ ነው። ትእዛዙን የሚሰጠው ፍርድ ቤት ነው። የቀበሌ ሊቀ መንበር አይደለም። የጣቢያ አዛዥም አይደለም። ማኅተም ያለበት ወረቀት ሁሉ የፍርድ ቤት ትእዛዝ አይሆንም። አንድ ሰው ወረቀት ቢያሳያችሁ በመጀመሪያ ከላይ ያለውን አንብቡ፤ «ፍርድ ቤት» የሚል ቃል አለ ወይ? ከዚያ ምን ይፈለጋል ይላል? ሕጉ የሚፈለገው ዕቃ በትእዛዙ ላይ በስሙ ይጻፍ ይላል። ትእዛዙ ላይ ያልተጻፈ ዕቃ ፖሊስ አይወስድም። የስፌት መኪና ፍለጋ የመጣ ሰው ራዲዮ ይዞ አይወጣም ማለት ነው።

ታዲያ ትእዛዝ ሳይኖር የሚበረበርበት ጊዜ የለም ወይ? አለ። ሕጉ ስለ ቤት ሁለት ምክንያት ይሰጣል።

አንደኛው፣ ፖሊስ ወንጀለኛውን በእግር በእግሩ እየተከተለው ሳለ ሰውየው ቤት ከገባ፣ ወይም የሰረቀውን ዕቃ ወደ ቤት ከወረወረ ነው። በምሳሌ ላስረዳ። በደብረ ታቦር ገበያ አንድ ሰው የእናንተን የገንዘብ ቦርሳ መንትፎ ሮጠ እንበል። ፖሊስ ተከተለው። ሰውየው ሲደናገጥ ከአንድ ጠጅ ቤት ዘሎ ገባ። ፖሊሱ በሩ ላይ ቆሞ «ቆይ፣ ፍርድ ቤት ሄጄ ወረቀት ላምጣ» ይበል? እስኪመለስ ሌባው በጓሮ ይወጣል። ስለዚህ ይግባ። ሕጉ ሞኝ አይደለም። ነገር ግን ይህ የሚሆነው እየተከተለው ሳለ ነው። በሦስተኛው ቀን መጥቶ «ያን ዕለት እዚህ የገባ ሰው ነበር» ቢል እሱ መከተል አይደለም። ያን ጊዜ ፍርድ ቤት ሄዶ ትእዛዝ ያምጣ፤ ጊዜ ነበረውና።

ሁለተኛው ትንሽ ከበድ ይላል፤ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ክስ ወይም አቤቱታ የቀረበበት ወንጀል መኖር አለበት። ወንጀሉ ከሦስት ዓመት በላይ የሚያሳስር መሆን አለበት። ለማስረጃ የሚሆን ዕቃ በዚያ ቤት ተደብቋል ብሎ ለመጠርጠር በቂ ምክንያት ያለው ወሬ ለፖሊስ መድረስ አለበት። በዚህ ላይ ትእዛዝ ለማምጣት ሲባል ቢዘገይ ዕቃው ከቦታው ይነሣል ብሎ ለማመን ፖሊሱ መልካም ምክንያት ሊኖረው ይገባል። እነዚህ ሁሉ አንድ ላይ መገኘት አለባቸው። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ትእዛዝ ያስፈልጋል። ሰው ተገድሎ፣ የተገደለበት ጠመንጃ ከእገሌ ቤት እንዳለና ዛሬ ማታ ወደ ሌላ አገር ሊሻገር እንደሆነ ቢነገር፣ ይህ ነገሩን ይሞላል። ጎረቤት በድንበር ተጣልቶ «እሱ ቤት ውስጥ አንድ ነገር አለ» ቢል ግን አይሞላም። የቱ ወንጀል? ማን ከሰሰ? ለምንስ አስቸኮለ?

ስለ ሰው አካል ፍተሻ ደግሞ ሕጉ እንዲህ ይላል። የተያዘ ሰው የሚፈተሸው ለወንጀሉ ማስረጃ የሚሆን ነገር በላዩ ላይ ይዟል ተብሎ በምክንያት ሲጠረጠር ነው። ፈታሹም በጾታ የሚመስለው ይሆናል። ሴትን ሴት ትፈትሻለች፤ ወንድን ወንድ ይፈትሻል። እናቶቼ፣ እኅቶቼ፣ ይህችን አንዷን ነገር እንኳ ከዛሬው ንግግር ይዛችሁ ብትሄዱ አልከፋም።

ስለ ሰዓትም ተጽፏል። ፍርድ ቤት በግልጽ ካላዘዘ በቀር ብርበራ የሚደረገው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው። ዶሮ ሳይጮኽ አይደለም። ቤት ሲከፈት ሰው አልከፍትም ቢል ፖሊስ ለመግባት የሚበቃ ኃይል መጠቀም እንደሚችልም ሕጉ ይናገራል። ስለዚህ በር ላይ ቆሞ ግብግብ መግጠም አይበጅም። «ትእዛዙን አሳዩኝ» ብሎ መጠየቅ፣ ማንበብ፣ ሰዓቱንና የሰዎቹን መልክ ማስታወስ፣ በኋላም ለዐቃቤ ሕግና ለፍርድ ቤት ማመልከት ነው የሚሻለው። የእኛ አገር ሰው እንግዳ ሲመጣ «ግቡ፣ ግቡ» ማለት ልማዱ ነው። ትእዛዝ አሳዩኝ ማለት ነውር ይመስለዋል። ነውር አይደለም።

አሁን ወደ አውራ ጣቱ እንመለስ። ሕጉ ፖሊሱ የያዘውን ዕቃ ሁሉ ዝርዝር ይጻፍ ይላል። ዝርዝሩን ከነገሩ ነጻ የሆነ አንድ ሰው፣ ማለትም ከፖሊስም ከባለቤቱም ወገን ያልሆነ ሰው፣ አመሳክሮ ይፈርምበታል። ጎረቤት ሊሆን ይችላል፤ የአጥቢያ ሽማግሌ ሊሆን ይችላል። በእኛ ቤት በዚያ ሌሊት እንዲህ ያለ ሰው አልተጠራም። የተፈረመው የእናቴ ጣት ብቻ ነው። እሷም ያላየችውን፣ አይታም ልታነበው የማትችለውን ወረቀት ነው የፈረመችው። ቁጥር እንኳ ብታውቅ ኖሮ በወረቀቱ ላይ «1 ራዲዮ» የሚል አለመኖሩን ባየች ነበር። ደብተራችሁን አውጡና «ዝርዝር» የሚለውን ቃል ጻፉት። ከሥሩ አምስት የቤታችሁን ዕቃ ከነቁጥራቸው ዘርዝሩ። ምጣድ 1፣ ገንቦ 3፣ እንዲህ እያላችሁ።

ይህ ነገር በእኛ አገር ብቻ የመጣ እንዳይመስላችሁ። በእንግሊዝ አገር ጆን ኤንቲክ የሚባል ጸሐፊ ነበር። በፈረንጅ አቆጣጠር ኅዳር 11 ቀን 1762 የንጉሡ መልእክተኞች ቤቱን ሰብረው ገቡ። መንግሥትን የሚነቅፍ ጽሑፍ ይጽፋል ተብሎ ነው። አራት ሰዓት ሙሉ በረበሩ፤ ሣጥን ሰበሩ፤ ወረቀቱን ሁሉ ጭነው ሄዱ። ትእዛዝ ነበራቸው፤ ግን የፈረመው ሚኒስትር ነው። ኤንቲክ ከሰሳቸው። በ1765 ዳኛው ሎርድ ካምደን ፈረዱለት። ፍርዱም ሚኒስትር እንዲህ ያለ ትእዛዝ ለመስጠት ሕግ አልሰጠውም፣ ሕግ ካልፈቀደ በቀር የሰው ቤት መርገጥ ጥፋት ነው የሚል ነበር። ካሳ 300 ፓውንድ ተፈረደለት። ትልቅ ሰው ስለ ፈረመበት ብቻ ወረቀት ሕግ አይሆንም የሚለው ነገር ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ሥር ሰደደ።

በእኛ አገር ደግሞ የ1954ቱ ሕግ ተጽፎ ሳለ ያልሠራበት ዘመን መጣ። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ሥልጣን ያዘ። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ «አሰሳ» የሚባል ታላቅ የቤት ለቤት ብርበራ ተደረገ። የቀበሌ አብዮት ጥበቃዎች መሣሪያ ይዘው ከቤት ቤት ገቡ። ጠመንጃ ፈለጉ። ወረቀት ፈለጉ። ጽሑፍ የሚያባዛ መኪና ፈለጉ። ዳኛም፣ ትእዛዝም፣ ዝርዝርም አልነበረም። የቀይ ሽብር ዘመን ነበር፤ ከከተማ ከተማ ሲዛመት ጎንደር ክፍለ ሀገርም ብዙ ልጆቹን አጣ። ሰው መጽሐፉን እየቀደደ በምድጃ አቃጠለ፤ ወደ መጸዳጃ ጉድጓድ ጣለ። አንድ በራሪ ወረቀት ከፍራሽ ሥር መገኘት ነፍስ ያስከፍል ነበርና።

አንድ ነገር ይገርመኛል። ያው መንግሥት ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም.፣ ታላቁን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጀመረ። በየመንደሩ ማታ ማታ በኩራዝ ሀ ሁ ተቆጠረ። በዚያ ዘመቻ ብዙ እናቶችና አባቶች ስማቸውን መጻፍ ቻሉ፤ ይህን ማንም አይክድም። በአንድ እጅ ወረቀት የሚያስቃጥል፣ በሌላ እጅ ወረቀት የሚያስነብብ ዘመን ነበር።

ደርግ በ1983 ዓ.ም. ወደቀ። በ1987 ዓ.ም. አሁን ያለው ሕገ መንግሥት ወጣ። በአንቀጽ 26 የሰው መኖሪያ ቤት፣ ሰውነቱና ንብረቱ ከመመርመር የተጠበቁ ናቸው ይላል። የግል ደብዳቤና የስልክ ንግግርም እንዲሁ። ይህን መብት መንግሥት ሊገድብ የሚችለው አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠርና እንደ አገር ደኅንነት፣ የሕዝብ ሰላም፣ ወንጀልን መከላከልና ጤና ለመሳሰሉ ዓላማዎች በወጣ ዝርዝር ሕግ ብቻ ነው። የ1997ቱ የወንጀል ሕግም ያለ ፈቃድ በሰው ቤት መግባትን በወንጀል ያስቀጣል።

ከዚያ ወዲህም በሩን ሰፋ ያደረጉ ሕጎች መጥተዋል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ድንገተኛ ፍተሻ የሚባል ነገር ፈቀደ። ሽብር ሊፈጸም ነው ተብሎ በምክንያት ሲጠረጠር፣ ፖሊስ በፌዴራል ፖሊስ የበላይ ኃላፊ ወይም በወከለው ሰው ፈቃድ መኪናና እግረኛ እያስቆመ መፈተሽ ቻለ። እዚህ ላይ ፈቃዱ ከዳኛ እጅ ወጥቶ ወደ ፖሊስ አለቃ እጅ ገባ። አዋጁ በ2012 ዓ.ም. በሌላ ተተክቷል።

ከሁሉም በላይ የእኛ አካባቢ ሰው የሚያውቀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ታወጀ። አዋጁ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ሰው መያዝንና ቤት መበርበርን ፈቀደ። በጥር 2016 ዓ.ም. ለአራት ወር ተራዘመ፤ ከዚያ ጊዜው አለቀ። ይህ እንዴት ይሆናል፣ ሕገ መንግሥቱ ቤት አይደፈርም ይል የለም ወይ? የሚል ሰው ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ያው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 93 በአስቸኳይ ጊዜ አንዳንድ መብቶች ሊታገዱ ይችላሉ ይላል። ፈጽሞ የማይነኩ ብሎ የጠቀሳቸው ጥቂት ናቸው፤ ለምሳሌ ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18 እና እኩልነትን የሚያስከብረው አንቀጽ 25። ስለ ቤት የሚናገረው አንቀጽ 26 ከእነዚህ ውስጥ የለም። እንግዲህ ቤት ሊደፈር ይችላል፤ ሰው ግን ሊገረፍ አይችልም፣ በዘሩም ተለይቶ ሊበደል አይችልም ማለት ነው። አዋጁም ዕድሜ አለው። ስድስት ወር ነው፤ የተወካዮች ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ በየአራት ወሩ ሊያድሰው ይችላል። ካልታደሰ ይሞታል። ሲሞት መደበኛው ሕግ በቦታው ይመለሳል፤ ፖሊስም ወደ ዳኛው ዘንድ ይመለሳል። ችግሩ ልማድ ከአዋጅ በኋላ መቅረቱ ነው። ለአሥር ወር ያለ ወረቀት ቤት የገባ ሰው በአሥራ አንደኛው ወር ወረቀት መጠየቅ ይከብደዋል። በቤቱ ያለውም ሰው መጠየቅ ይፈራል።

እናቴ ዛሬ ሸምግላለች። ባለፈው ዓመት ወደ ወንዛዬ ለመታጠብ ስትሄድ ያደረችበት ቤት አከራይ የሂሳብ ወረቀት ሰጥቷት ነበር። መነጽሯን አድርጋ እየቆጠረች አነበበችው። የሁለት ቀን ሆኖ ሳለ የሦስት ቀን ተጽፎ አገኘችው። አከራዩም ይቅርታ ጠይቆ አረመው። «ያን ጊዜ ይህ ዓይን ቢኖረኝ!» አለችኝ። ስለ ራዲዮው መሆኑን ሁለታችንም አውቀናል።

ለዛሬ ጊዜያችን አልቋል። በሚቀጥለው ሳምንት ፖሊስ የያዘውን ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ማቅረብ አለበት ስለሚለው ሕግ፣ የመንገዱ ጊዜ ለምን እንደማይቆጠርም ጭምር፣ እናነባለን። እስከዚያ የዕቃ ዝርዝሩን ጽፋችሁ ለአስተማሪያችሁ አሳዩ። ደኅና ሰንብቱ።